ዘፈኑ አልቋል የሚለው ማን ነው? ዊሊ ኔልሰንና የናሽቪል ድምፅ

(በአንድ የሙዚቃ ወዳጆች ምሽት ላይ ካደረግሁት ንግግር በጽሑፍ የተዘጋጀ። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ውድ ታዳሚዎች፣

ወደ አዳራሹ ስትገቡ ሲሰማ የነበረው የጂም ሪቭስ ሸክላ ነው። ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን ከዘፈኑ ጋር ሲያንቀሳቅሱ አይቻለሁ፤ አልገረመኝም። አዲስ አበባ ላደገ የእኔ ዕድሜ ሰው ካንትሪ ማለት ይህ ድምፅ ነው። አጎቴ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሸሚዙን እየተኮሰ የሚከፍተው ካሴት ጂም ሪቭስ፣ ዶን ዊልያምስና ኬኒ ሮጀርስ የተፈራረቁበት ነበር። እንግሊዝኛው በወጉ አይገባንም፤ ድምፁ ግን ይገባን ነበር። ያን ረጋ ያለ ዜማ ስሰማ አንድ የቴክሳስ ገበሬ ማሳው ዳር ተቀምጦ የሚያንጎራጉረው ይመስለኝ ነበር።

ነገሩ እንደዚያ አልነበረም። ያ ልስላሴ ናሽቪል በምትባል የቴነሲ ከተማ፣ በጣት በሚቆጠሩ ሰዎች እጅ፣ ታስቦበትና ተጠንቶ የተሠራ ነው። ዛሬ የማወራችሁ ያን ልስላሴ እምቢ ስላሉ ሁለት ዘፋኞች፣ ይልቁንም ስለ አንዱ፣ ስለ ዊሊ ኔልሰን ነው። ላይ ላዩን ሲታይ ጠቡ ቫዮሊን ይግባ አይግባ የሚል ይመስላል። እኔ ሥሩ ሌላ ነው እላለሁ። አንድን ዘፈን «አልቋል፤ ከዚህ በኋላ እጅ አይግባበት» የማለት መብት የማን ነው? ዊሊ አሥራ አምስት ዓመት የተሟገተው ለዚህች ቃል ነው።

የናሽቪል ድምፅ ከችግር የተወለደ ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ ሮክ ኤንድ ሮል መጣና ወጣቱን ጠቅልሎ ወሰደው። የካንትሪ ሸክላ ገበያው ቀዘቀዘ፤ ሬዲዮ ጣቢያዎችም ፊታቸውን አዞሩ። በ1961 ቀኑን ሙሉ ካንትሪ የሚያሰሙ ጣቢያዎች ሲቆጠሩ በመላው አሜሪካ 81 ብቻ ተገኙ። ታዲያ የሁለት ትልልቅ የሸክላ ኩባንያዎች ሰዎች፣ የአር ሲ ኤው ቼት አትኪንስና የዴካው ኦወን ብራድሊ፣ መላ ዘየዱ። የከተማው አድማጭ የሚሸሸው ፊድል የሚሉትን በገጠር ስልት የሚመታ ቫዮሊንና የሚያለቅሰውን ስቲል ጊታር ከሆነ እነሱ ወደ ዳር ይውጡ። በምትካቸው የቫዮሊን ጓድ፣ ጠብ ጠብ የሚል ፒያኖና ከበስተኋላ በለሆሳስ የሚቀበሉ ድምፃውያን ይግቡ። ጂም ሪቭስ ከንፈሩ ማይክሮፎኑን ሊነካ እስኪደርስ ተጠግቶ፣ ለአንድ ሰው ብቻ እንደሚያንሾካሹክ ሆኖ ዘፈነ። ሸክላው ከካንትሪ መደብር ወጥቶ የከተሜው ሳሎን ገባ። ቼትን ጋዜጠኞች «ይህ የናሽቪል ድምፅ የምትሉት ምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቁት እጁን ኪሱ ከትቶ ሳንቲሞቹን አንሿሽቶ «ይኸው፣ ይህ ነው» ማለቱ በሰፊው ይተረካል።

ቼት አትኪንስን በክፉ ላነሳው አልመጣሁም። ከቴነሲ ተራሮች ከድሃ ቤት የወጣ፣ በጊታር ችሎታው በዘመኑ አቻ ለማግኘት የሚያስቸግር ሰው ነው። እሱና ብራድሊ ባይደርሱለት ካንትሪ እንደ ንግድ ምን ይሆን እንደነበር መገመት አያስቸግርም። እውነቱን ለመናገር የአጎቴም ቅዳሜ የእነሱ ውለታ አለበት።

ግን ስቱዲዮው እንዴት እንደሚሠራ እንይ። አንድ የቀረጻ ጊዜ 3 ሰዓት ነው። በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 4 ሰዓት አንዱ ይጀምራል፤ ቀን 8 ሰዓት ሌላው፤ አመሻሽ 12 ሰዓት ሌላው፤ ምሽት 4 ሰዓት የመጨረሻው። በ3 ሰዓት ውስጥ 3 ወይም 4 ዘፈን ተቀርጾ ማለቅ አለበት። የሚጫወቱት ሁልጊዜ እነዚያው ጥቂት ባለሙያዎች ናቸው። ከዚህ ስቱዲዮ ወጥተው እዚያኛው ይገባሉ፤ የዘፈኑን ቅንብር በወረቀት ላይ በቁጥር ጽፈው፣ አንዴ አይተው ያለ እንከን ይጫወቱታል። ችሎታቸው የሚያስደንቅ ነው። ዘፋኙ ዓመቱን ሙሉ በየከተማው አብሮት የሚዞር፣ ትንፋሹን የሚያውቅ የራሱ ባንድ አለው፤ ቀረጻ ሲደርስ ግን ባንዱ ውጭ ይቀራል። ዘፋኙ ዘፍኖ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ብዙ ጊዜ ቫዮሊኑና ተቀባዮቹ የሚጨመሩት ከዚያ በኋላ ነው። ሸክላው ታትሞ ሲወጣ የራሱን ዘፈን እንደማንኛውም ሰው ከሬዲዮ ይሰማዋል።

ዊሊ ኔልሰን እዚህ ውስጥ የገባው በ1960 ነው። በ1933 አቦት በምትባል ትንሽ የቴክሳስ መንደር ተወልዶ አያቶቹ አሳድገውታል። ገና የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ ጊታር የገዙለት አያቱ ናቸው፤ ሁለት ዓመት የምትበልጠው እህቱ ቦቢ ፒያኖ ትጫወት ነበር። ናሽቪል እንደገባ ግጥምና ዜማው ወዲያውኑ ተወደደ። ችግሩ ድምፁ ላይ ነበር። ዊሊ ሲዘፍን ምቱን አይከተልም። አንዳንዴ ይቀድመዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ይዘገያል። ጨዋታ የሚያውቅ ሰው ወሬ ሲያወራ ዋናዋን ቃል አፉ ላይ ይዞ አድማጩን እንደሚያቆየው፣ ዊሊም ቃሉን ይዞ ይቆይና ምቱ ካለፈ በኋላ ይለቀዋል። ከኋላው አሥር ቫዮሊን በአንድ ቀስት፣ በአንድ ምት ሲገባ ግን ያ መዘግየት ስህተት መስሎ ይሰማል። አዘፋፈኑን እንከን ያስመሰለው አጃቢው ነው።

እዚህ ላይ ራሴን የሚሞግት አንድ ታሪክ መደበቅ አልፈልግም። በ1961 ፓትሲ ክላይን «ክሬዚ»ን ቀረጸች። ዘፈኑ የዊሊ ነው፤ ፕሮዲውሰሩ ኦወን ብራድሊ ነው። ፓትሲ ከሁለት ወር በፊት ከባድ የመኪና አደጋ ደርሶባት ጎኗ ገና አልዳነም ነበርና ከፍ ያሉትን ድምፆች ለማውጣት ትንፋሽ አጠራት። ብራድሊ አጃቢውን ብቻ ቀረጸና ላካት። ከሳምንታት በኋላ ተመልሳ በተቀረጸው አጃቢ ላይ ድምፅዋን አኖረች። ያ ቀረጻ የናሽቪል ድምፅ ያለ የሌለ ጥበቡን ያሳየበት ነው፤ ፒያኖው፣ ተቀባዮቹ፣ ሁሉም በቦታው ነው። እኔ ከዚያ ዘፈን ላይ አንዲት ነገር ይነሳ አልልም። እንግዲህ ማጣፈጥ በራሱ ኃጢአት ቢሆን ኖሮ የዊሊ ስም ከዚያ ሸክላ ጋር ተያይዞ ለዘለዓለም ባልኖረ ነበር።

በ1964 አር ሲ ኤ ዊሊን እንደ ዘፋኝ አስፈረመው፤ ኃላፊው ቼት አትኪንስ ነው። እስከ 1972 ድረስ ከ12 በላይ አልበሞች ወጡ። አንዱም ሕዝቡን አልነካም። አንዳንዶቹን ዛሬ ስሰማ ግርግዳው ሁሉ መጋረጃ በሆነበት ክፍል ውስጥ አንድ ሰው የሚጣራ ይመስለኛል። በ1971 ዊሊ አንድ ሰው ከልደቱ እስከ ቀብሩ የሚያልፍበትን ሕይወት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚተርክ አልበም ሠራ፤ ኩባንያው ምን እንደሚያደርገው ግራ ገባው፤ ገበያ ላይም ሳይሸጥ ቀረ።

ይህን ታሪክ ለምን እንዲህ እንደያዝኩት ልንገራችሁ። እኔ ራሴ ብዙ ዓመት በድምፅ ቀረጻ ሥራ ኖሬአለሁ። አንድ ጊዜ ማሲንቆ የሚጫወቱ አንድ አዛውንት ቀረጽኩ። ከሄዱ በኋላ ሥራዬን ቀጠልኩ። የጭራውን ፍትጊያ በኮምፒውተር አንድ በአንድ ለቀምኩት። በስንኝ መካከል የሚሰማ ትንፋሻቸውን ቆረጥኩት። ቅኝቱ ትንሽ ዘንበል ያለበትን አቃናሁት፤ ከሥሩ ኪቦርድ አነጠፍኩበት። ለሦስት ሌሊት ደክሜበታለሁ፤ ኮርቼበትም ነበር። ጠርቻቸው መጡ። ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው በጥሞና ሰሙ። ከዚያ ቀስ ብለው አወለቁትና «ልጄ፣ መልካም ነው፤ የሚጫወተው ማን ነው?» አሉኝ። ሊነኩኝ ብለው አይደለም፤ ከልባቸው ነው የጠየቁኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ የዊሊን የአር ሲ ኤ አልበሞች ስሰማ የሚታየኝ የእሳቸው ፊት ነው።

ወደ ናሽቪል ልመለስ። በዚያው ኩባንያ ከዚያው ግድግዳ ጋር የሚገፋ ሌላ የቴክሳስ ሰው ነበር፤ ዌይለን ጄኒንግስ። በወጣትነቱ የሮክ ኤንድ ሮል ዘፋኙ የባዲ ሆሊ ባስ ጊታር ተጫዋች ነበር። በየካቲት 1959 ባዲ ሆሊ በሞተበት አውሮፕላን ላይ የራሱን ወንበር ለሌላ ዘፋኝ ለቅቆ ነው የተረፈው። በ1965 አር ሲ ኤ ገባ። የዌይለን ጥያቄ ለመናገር የቀለለ ነበር። መድረክ ላይ የሚያጅቡኝ ልጆች ስቱዲዮም ይግቡ፤ የምዘፍነውን እኔ ልምረጥ። ኩባንያው ደግሞ አርቲስቶቹ በራሱ ስቱዲዮ፣ በራሱ የድምፅ ባለሙያዎች ብቻ እንዲቀረጹ የሚያስገድድ ደንብ ነበረው። በ1972 ዌይለን በጉበት በሽታ አልጋ ላይ ዋለ፤ ሙዚቃውን እርግፍ አድርጎ ለመተው አስቦም ነበር። በዚያው ዓመት በአዲስ ወኪል በኩል ውሉን እንደገና ተደራደረና ሥራውን በራሱ የማዘጋጀት መብት አገኘ። በ1973 አብዛኞቹን ዘፈኖች ስሙ ገና ካልታወቀ ቢሊ ጆ ሼቨር ከሚባል ገጣሚ ወስዶ አልበም አወጣ። ያን አልበም ስትሰሙ የመጀመሪያው የሚገርማችሁ ክፍተቱ ነው። ባሱና ድራሙ እንደ ፈረስ ኮቴ ይሄዳሉ፤ በመካከላቸው ነፋስ ያልፋል። ቀጥሎ ከኩባንያው ግቢ ወጥቶ በቶምፖል ግሌዘር ስቱዲዮ ተቀረጸ፤ ደንቡም በዚያው ተሰበረ።

ዊሊ ግን ናሽቪልን ጥሎ ሄደ። በከተማዋ አቅራቢያ የነበረው ቤቱ ተቃጥሎበት ነበር፤ እሳቱ ውስጥ ገብቶ ካወጣቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ጊታሩ ነው። በ1972 ኦስቲን፣ ቴክሳስ ከተመ። እዚያ ፀጉራቸውን ያስረዘሙ የዩኒቨርሲቲ ልጆችና ባርኔጣቸውን የማያወልቁ ከብት አርቢዎች አንድ አዳራሽ ውስጥ ቆመው ይሰሙት ነበር። ከሁለት አልበሞች በኋላ ኮሎምቢያ ከሚባለው ትልቅ ኩባንያ ጋር ተፈራረመ። በዚህ ውል ያስገባው ዋናው ነገር ስለ ሥራው የመጨረሻውን ቃል የመናገር መብት ነው።

ይህን መብት የተጠቀመበት በጥር 1975 ነው። ዳላስ አጠገብ ባለችው ጋርላንድ፣ ከናሽቪልም ከኒው ዮርክም ርቆ፣ ኦተም ሳውንድ በሚባል ስቱዲዮ የራሱን ባንድ ይዞ ገባ። ፒያኖው ላይ እህቱ ቦቢ፣ ድራሙ ላይ ፖል ኢንግሊሽ፣ ባሱ ላይ ቢ ስፒርስ፣ ሃርሞኒካው ላይ ሚኪ ራፋኤል ነበሩ። ወጪው 4,000 ዶላር ገደማ እንደነበር ይነገራል። «ቀይ ፀጉሩ እንግዳ» የሚል ርእስ የሰጠው አልበም ሚስቱንና ውሽማዋን ገድሎ በፈረስ አገር ለአገር ስለሚንከራተት ሰባኪ ይተርካል። የርእሱ ዘፈን የቆየ ነው። ዊሊ ወጣት ሳለ ሬዲዮ ጣቢያ ሲሠራ ያጫውተው ነበር፤ በኋላም ልጆቹን ሲያስተኛ ይዘፍንላቸው ነበር። የአልበሙ ድምፅ የመጣው ከዚያ ይመስለኛል። አባት አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ለልጅ የሚዘፍነውን ማን በቫዮሊን ያጅበዋል?

እስቲ ከዚህ አልበም አንድ ዘፈን ቀረብ ብለን እንስማ። «በዝናብ የሚያለቅሱ ሰማያዊ ዓይኖች» ፍሬድ ሮዝ በ1940ዎቹ የጻፈው ነው፤ ዊሊ ሲቀርጸው ብዙ ሰው ዘፍኖት አልፏል። (እዚህ ላይ ዘፈኑን ለታዳሚው አሰማሁ።) ልብ ብላችኋል? ጊታሩ ሁለት ሦስት ድምፅ ነካ ያደርግና ዝም ይላል። ድምፁ ሲገባ ከሥሩ ያለው ነገር ከምንም አይቆጠርም። ቃሉ ካለቀ በኋላ ጸጥታው ይቀጥላል፤ የሚሞላው የለም። የናሽቪል አቀናባሪ ቢሆን ቀድሞ የሚደርስበት እዚያች ባዶ ቦታ ላይ ነው። እሱን እወቅሰው ዘንድ አልችልም፤ እኔም ኪቦርዴን ያነጠፍኩት እዚያው ላይ ነው። ዊሊ ግን ባዶውን ለአድማጩ ነው የተወለት። ሰውየው ያጣትን ሴት የምናስባት በእነዚያ ጸጥታዎች ውስጥ ነው።

ቴፑ ኒው ዮርክ ደረሰ። የኮሎምቢያ ሰዎች ሰምተው ለሙከራ የተቀዳ ረቂቅ መሰላቸው። ናሽቪል ይላክና ቫዮሊን ይጨመርበት ያሉም ነበሩ። እንደሚተረከው ዌይለን ጄኒንግስ እዚያው ክፍል ውስጥ ነበርና ተቆጥቶ ከወንበሩ ተነሳ። የዊሊን የውሉን አንቀጽ ከማንበብ ይልቅ የጮኸላቸው ስለ ሰውየው ነው፤ ዊሊ ማለት ይህ ነው፣ ይህ ካልገባችሁ ዊሊ አልገባችሁም አላቸው። አንዱ ኩባንያ የራሱን ሥራ ሲከለክለው የኖረ ሰው በሌላ ኩባንያ ቢሮ ገብቶ ስለ ወዳጁ ሥራ ሲሟገት በዓይነ ኅሊናዬ ሳየው ልቤ ይሞቃል። ለነገሩ ውሉም ነበረ፤ አልበሙ እንዳለ፣ አንዲት ክር ሳይጨመርበት፣ በ1975 ወጣ። ያ የሰማያዊ ዓይኖቹ ዘፈን በዚያው ዓመት መጸው የካንትሪ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ። ዊሊ በዘፋኝነቱ አንደኛ ሲወጣ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ዕድሜው 42 ነበር። በማግስቱ ዓመት ደግሞ አር ሲ ኤ የዌይለንን፣ የዊሊን፣ የጄሲ ኮልተርንና የቶምፖል ግሌዘርን ቀረጻዎች ሰብስቦ «ሕገ ወጦቹ» በሚል ስም አወጣ። አንድ ሚሊዮን በመሸጥ የፕላቲነም ማረጋገጫ ያገኘ የመጀመሪያው የካንትሪ አልበም ሆነ። ባርኔጣውና ጺሙ ፋሽን ሆኖ ሲሸጥ ብዙ ሰው ነገሩ ስለ ባርኔጣ መሰለው፤ እኔ ግን እሱ ላይ ጊዜ አላጠፋም።

ከንግግሩ በፊት አንድ በስቱዲዮ የሚሠራ ወጣት ወዳጄ «ታዲያ ሁሉንም ነገር በባዶው እንተወው ነው የምትለን?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። መልሴን የማገኘው ከዊሊ ቀጣይ ሥራ ነው። በ1977 መጨረሻ ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ ቤት ገብቶ፣ መቅረጫ መሣሪያው ደጅ በቆመ ተሽከርካሪ ውስጥ ሆኖ፣ አባቶቹ ይወዷቸው የነበሩትን የድሮ የአሜሪካ ዘፈኖች ቀረጸ። ፕሮዲውሰሩ ቡከር ቲ ጆንስ ነው። ኩባንያው እንደገና ተጠራጠረ፤ ካንትሪ ዘፋኝ ከእነዚህ ዘፈኖች ጋር ምን አለው አለ። አልበሙ በ1978 «ስታርደስት» ተብሎ ወጣ፤ በካንትሪ ሰንጠረዥ ላይም አሥር ዓመት ያህል ቆየ። እና አስተውሉ፤ በዚህ አልበም ላይ ቫዮሊኖች አሉ። ጆንስ አቀናብሮ አስገብቷቸዋል፤ ዊሊም ደስ ብሎት ተቀብሏቸዋል። ብቻ የሚገቡት እሱ ቃሉን ከለቀቀ በኋላ ነው። ይጠብቁታል። ያ በናሽቪል ስህተት ይመስል የነበረው መዘግየት እዚህ አዛዥ ሆኗል። ወዳጄ ሆይ፣ ቫዮሊኑን አስገባ፤ ግን ከማስገባትህ በፊት የዘፋኙን ቤት አንኳኳ፤ ሲያልቅም ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማው እሱ ይሁን።

ቅድም ከእሳት የወጣውን ጊታር ጠቅሼ አልፌ ነበር። በ1969 የተገዛ ማርቲን ኤን 20 ነው፤ ስሙ ትሪገር ይባላል፤ በፊልም ዝነኛ በሆነ ፈረስ ስም የተሰየመ ነው። የናይለን ክር ያለው፣ በጣት ብቻ እንዲመታ የተሠራ ክላሲካል ጊታር ስለሆነ ፊቱ ላይ መከላከያ ፕላስቲክ የለውም። ዊሊ ግን በመምቻ ነው የሚመታው። ከሃምሳ ዓመት በላይ መምቻውና ጣቶቹ እንጨቱን እየፋቁ ከዋናው የድምፅ ቀዳዳ አጠገብ ሌላ ቀዳዳ በስተውበታል። ከዚያ በላይ ፊቱ በወዳጆቹ ፊርማ ተሞልቷል። ኦስቲን ውስጥ አንድ ጊታር ሠሪ ለአሥርተ ዓመታት ይንከባከብለታል። ከውስጥ በቀጫጭን እንጨት ይደግፈዋል፤ ከላይ ላከር ይቀባዋል፤ ክሩ ያልያዘበትን ያጠብቃል። ቀዳዳውን ግን አይደፍነውም።